ጌት የምትለዋን የእንግሊዝኛ ግስ ከቀኟ ያለውን እያዩ መፍታት

መዝገበ ቃላት ከፍታችሁ «ጌት» የምትለዋን ግስ ብትፈልጉ የሚጠብቃችሁ አንድ ትርጉም ሳይሆን ገጽ ሙሉ ዝርዝር ነው። ማግኘት፣ መቀበል፣ መግዛት፣ ማምጣት፣ መድረስ፣ መሆን፣ መረዳት፣ ማሳመን፣ መሳፈር፣ መታመም ሳይቀር አለበት። ይህን ለመሸምደድ የተነሳ ሰው ሦስተኛው መስመር ላይ ቢሰለች አይፈረድበትም። ግን ደግሞ ቃሏን መዝለል አይቻልም። በእንግሊዝኛ በብዛት ከሚነገሩት አሥር ግሶች አንዷ ናት፤ ተራ የስልክ ወሬ እንኳን ያለ እሷ አያልቅም።

እኔ የምላችሁ ዝርዝሩን ተዉት ነው። ጌት ብቻዋን ስትቆም ባዶ ናት ማለት ይቻላል፤ ትርጉሟን የምትበደረው ቀጥሎ ከሚመጣው ቃል ነው። ስለዚህ ጌትን ባያችሁ ቁጥር ዓይናችሁ ወደ ቀኝ ይሂድ። ቀጥሎ ስም ነው ያለው? ቅጽል ነው? ቦታ ነው? ሌላ ግስ ነው? ወይስ እንደ «አፕ» እና «ኦፍ» ያለች ትንሽ ቃል ናት? ይህን ለመለየት ከቻላችሁ ትርጉሙ አብዛኛውን ጊዜ ራሱ ይመጣል። ከታች ያሉት ደረጃዎች ይህንኑ አንድ በአንድ የሚያሳዩ ናቸው። አንዳንዶቹ በሁለት መስመር ያልቃሉ፣ አንዳንዶቹ ላይ ግን ቆም እንላለን፤ ምክንያቱም አማርኛ ተናጋሪ በተለይ የሚሳሳትባቸው ቦታዎች አሉ።

ደረጃ 1፦ መጀመሪያ መልኮቿን ለዩ

ለአሁን ጊዜ ጌት፣ ለእሱና ለእሷ ጌትስ፣ ላለፈ ጊዜ ጎት። እስከዚህ ሁሉም ይስማማል። እንደ «ሃቭ» ካለ ረዳት ግስ ጋር የሚመጣው ሦስተኛው ቅርጽ ላይ ግን አገሮቹ ይለያያሉ። እንግሊዞች እዚያም ጎት ይላሉ፤ አሜሪካኖች ብዙ ጊዜ ጎተን ይላሉ። ጎተንን የአሜሪካ አዲስ ፈጠራ የሚያደርጓት አሉ፣ ነገሩ ግን ግልባጩ ነው። የቆየችው እሷ ናት፤ እንግሊዝ ውስጥ እየቀረች ሄዳ አሜሪካ ውስጥ ተረፈች። እንግሊዞቹም ቢሆኑ «ፎርጌት» የሚለውን ግስ ሲያረቡ እስከ ዛሬ «ፎርጎተን» ነው የሚሉት። ቃሏ እንግሊዝኛ ውስጥ የገባችው ከድሮው የስካንዲኔቪያ ቋንቋ ነው፤ እዚያ «ጌታ» ትባል ነበር። ከኛ ጌታ ጋር ግን ምንም ዝምድና የላትም።

አሜሪካኖቹ ሁለቱንም ቅርጽ ስለያዙ ለይተው ይጠቀሙባቸዋል። «አይቭ ጎት ኤ ካር» ካሉ መኪና አለኝ ማለታቸው ነው። «አይቭ ጎተን ኤ ካር» ካሉ ደግሞ መኪና ገዝቻለሁ ወይም አግኝቻለሁ ነው። የመጀመሪያው ስላላቸው ነገር ነው የሚናገረው፣ ሁለተኛው ስለተከሰተ ነገር።

አንድ ነገር እዚሁ እንጨርስ። ጌት ረዳት ግስ አይደለችም። ጥያቄና አሉታ ስትሠሩ እንደ ማንኛውም ተራ ግስ «ዱ»፣ «ደዝ» ወይም «ዲድ» ትፈልጋለች። «ዲድ ዩ ጌት ማይ ሜሴጅ?» ማለት መልእክቴ ደረሰህ? ነው። «ዲድ» ከገባች ያለፈውን ጊዜ እሷ ተሸክማዋለች፣ ስለዚህ «ዲድ ዩ ጎት» ስህተት ነው። «አይቭ ጎት» የምትለዋ ብቻ ለየት ትላለች፤ ጥያቄዋ «ሃቭ ዩ ጎት?» ነው።

ደረጃ 2፦ ቀጥሎ ስም ከመጣ፣ ነገሩ ወደ ማን ሄደ ብላችሁ ጠይቁ

ከጌት ቀጥሎ ስም ካለ መነሻችሁ አንድ ነገር ወደ አንድ ሰው መጣ የሚለው ይሁን። እንዴት መጣ የሚለውን ስሙ ራሱ ይነግራችኋል። «አይ ጎት ኤ ሌተር» ደብዳቤ ደረሰኝ ነው። «ሺ ጎት ኤ ጆብ» ሥራ አገኘች። «ሂ ጎት ኤ ኮልድ» ጉንፋን ያዘው። «ሂ ጎት ፋይቭ ይርስ» አምስት ዓመት ተፈረደበት። «አይ ጎት ኤ ኒው ላፕቶፕ» ከሆነ ግን ገዝቶትም ይሆናል፣ ሰጥተውትም ይሆናል። ተናጋሪው ይህን መለየት አልፈለገም፤ ጌት የምትወደደውም ለዚህ ነው።

አማርኛዎቹን መልሳችሁ እዩአቸው። ደረሰኝ፣ ያዘው፣ ተፈረደበት። በኛ አነጋገር ደብዳቤው ነው የሚደርሰው፣ ጉንፋኑ ነው የሚይዘው፤ ሰውየው ዳር ቆሞ ነገሩ ይመጣበታል። እንግሊዝኛው ደግሞ ሰውየውን ፊት ያስቀምጠውና ባለቤት ያደርገዋል። ስለዚህ ደረሰኝ፣ ያዘኝ፣ ገባኝ ልትሉ ስታስቡ «አይ» ብላችሁ ጀምሩና ጌትን አስከትሉ። ደብዳቤውን ባለቤት አድርጋችሁ ከጀመራችሁ ዓረፍተ ነገሩ ጎብጦ ይወጣል።

ሌላው ወጥመድ «ፋይንድ» ናት። ማግኘት ለሚለው ቃል መጀመሪያ የምንማረው እሷን ስለሆነ በየቦታው እንረጫታለን። ፈተና ላይ ዘጠና አገኘሁ ለማለት «አይ ፋውንድ ናይንቲ» የሚል ሰው ሞልቷል። ፋይንድ የጠፋን ወይም የተፈለገን ነገር ማግኘት ናት፤ ቁልፍ፣ መንገድ፣ መፍትሔ። ውጤት፣ ደመወዝ፣ ፈቃድ፣ መልስ፣ ስጦታ ግን ይሰጣሉ እንጂ ተደብቀው አይገኙም። እነዚህ ሁሉ የጌት ናቸው። «አይ ጎት ናይንቲ» በሉ። ሥራ ላይ ሁለቱም ይሄዳሉ፦ ፋይንድ ካላችሁ ስትፈልጉ ቆይታችሁ አገኛችሁት፣ ጌት ካላችሁ ሥራው የእናንተ ሆነ።

አንዳንዴ ከጌት ቀጥሎ ሰው መጥቶ ከሱ ቀጥሎ ደግሞ ዕቃ ይመጣል። ያኔ አማርኛው ግሱ ላይ «ል» ይጨምራል። «ጌት ሚ ዛት ቡክ» ያንን መጽሐፍ አምጣልኝ። «ሺ ጎት ሚ ኤ ቲኬት» ትኬት ገዛችልኝ ወይም አመጣችልኝ። «ካን አይ ጌት ዩ ኤ ቼር?» ወንበር ላምጣልህ? እዚህ ጌት የምትለው ሄዶ ማምጣትን ነው፤ «ብሪንግ» ግን ወደዚህ ይዞ መምጣትን ብቻ ነው።

ስልክ ሲጮህ ወይም በር ሲንኳኳ «አይል ጌት ኢት» ብሎ የሚነሳ ሰው ታያላችሁ። እኔ አነሳዋለሁ፣ ወይም እኔ እከፍታለሁ ማለቱ ነው። «አይል ጌት ዩ!» ደግሞ ዛቻ ነው፤ ቆይ አገኝሃለሁ! እንደምንለው። በዚህ አንድ ነጥብ ሁለቱ ቋንቋዎች ቁርጥ አንድ ናቸው።

መረዳትም እዚሁ ይመደባል፤ ሐሳቡ መጥቶ ሰውየው ጋ ደረሰ ማለት ነው። «አይ ጌት ኢት» ይገባኛል፣ ወይም ሐሳብህ ገብቶኛል። «ጎት ኢት» ትእዛዝ ወይም ማብራሪያ ሲሰጣችሁ የምትመልሱት፣ ገባኝ፣ እሺ። «አይ ዲድንት ጌት ዘ ጆክ» ቀልዱ አልገባኝም። «ሶሪ፣ አይ ዲድንት ጌት ዩር ኔም» ካሉ ግን ስምህን በደንብ አልሰማሁትም ነው፤ ስም ምን የማይገባ ነገር አለው። «አይ ጎት ዚስ» ደግሞ ወጣቶች ደጋግመው የሚሏት ናት፤ ይሄን ለኔ ተዉት፣ እወጣዋለሁ።

ደረጃ 3፦ ቀጥሎ ቅጽል ከመጣ፣ ለውጥ አለ

ታየርድ፣ ሀንግሪ፣ ዳርክ፣ ኦልድ፣ አንግሪ፣ ቤተር። ከጌት ቀጥሎ እንዲህ ያለ ቃል ካያችሁ ማግኘት የሚለውን ሙሉ በሙሉ እርሱት። ጌት እዚህ «ካልነበረበት ሁኔታ ወደዚያ ሁኔታ ገባ» ነው የምትለው። «ኢትስ ጌቲንግ ዳርክ» እየጨለመ ነው። «ሂ ጎት አንግሪ» ተናደደ። «ሺ ኢዝ ጌቲንግ ቤተር» እየተሻላት ነው።

እኛን የሚያስቸግረን በ«ቢ» (ኤም፣ ኢዝ፣ ዋዝ የምትሆነዋ) እና በጌት መካከል መምረጡ ነው። «አይ ዋዝ ታየርድ» ደክሞኝ ነበር። «አይ ጎት ታየርድ» ደከመኝ። የመጀመሪያው ሁኔታውን ያሳያል፤ መቼ እንደጀመረ አይናገርም። ሁለተኛው የጀመረበትን ቅጽበት ይይዛል። መለያው ቀላል ነው። በአማርኛ ስታስቡት «ነበር» ወይም «ነው» ከመጣላችሁ ቢን ምረጡ፤ ግሱ ብቻውን ደከመኝ፣ ተናደደ፣ መሸ ብሎ ከመጣላችሁ ጌትን። «እየ» ያለበት ለውጥ ከሆነ ደግሞ ጌቲንግ ናት። እየመሸ፣ እየበረደ፣ እየራበኝ፣ እየተወደደ፣ ሁሉም።

ይህ ደረጃ ገደብ አለው። ጌት በዚህ ትርጉሟ ቅጽል እንጂ ስም አታስከትልም። ዶክተር ሆነ ለማለት «ሂ ጎት ኤ ዶክተር» ካላችሁ ሰሚው የሚረዳችሁ ሐኪም አገኘ ብሎ ነው፤ ምናልባትም ማን ታመመ ብሎ ይጠይቃችኋል። ሙያና ማዕረግ ላይ «ቢካም» ናት የምትሠራው። «ሂ ቢኬም ኤ ዶክተር»።

ደግሞ ሁሉም ለውጥ የጌት አይደለም። ዓይን ጠፋ፣ ራሰ በራ ሆነ፣ አበደ፣ ተበላሸ ለሚሉት እንግሊዝኛ «ጎ» ይላል፦ ጎ ብላይንድ፣ ጎ ቦልድ፣ ጎ ማድ፣ ጎ ባድ። ቀለም ሲለወጥ «ተርን» ትመረጣለች፤ ቅጠሉ ቢጫ ሆነ፣ ፊቱ ቀላ። እንቅልፍ ወሰደኝ «ፌል አስሊፕ» ነው። ለምን ብላችሁ አትድከሙ፤ እነዚህን እንደ አንድ ቃል ያዟቸው።

ከዚህ ቡድን ሁሉ ብዙ ሰው የሚያምታታት «ጌት ዩዝድ ቱ» ናት። ሦስት የሚመሳሰሉ አሉ፤ አንዴ ጎን ለጎን ካያችኋቸው ይበቃል። «አይ ዩዝድ ቱ ዎርክ አት ናይት» ድሮ ማታ ማታ እሠራ ነበር፣ አሁን ትቻለሁ። «አይ ኤም ዩዝድ ቱ ዎርኪንግ አት ናይት» ማታ መሥራት ለምጄዋለሁ። «አይ ኤም ጌቲንግ ዩዝድ ቱ ዎርኪንግ አት ናይት» እየለመድኩት ነው። ቢ ወይም ጌት ካለች ጉዳዩ መልመድ ነው፣ ቀጥሎ የሚመጣው ግስም «ኢንግ» ይጨምራል። ሁለቱም ከሌሉ ጉዳዩ ድሮ ነው፣ ግሱም እንዳለ ይቀመጣል።

ደረጃ 4፦ ቀጥሎ ቦታ ካለ፣ ጉዞ ነው

«ዌን ዲድ ዩ ጌት ሂር?» መቼ ደረስክ? «ሃው ዱ አይ ጌት ቱ ዘ ኤርፖርት?» ወደ ኤርፖርት በየት ነው የሚኬደው? ቦታው ስም ከሆነ በመሀል «ቱ» ትገባለች፤ ጌት ቱ ዘ ኦፊስ፣ ጌት ቱ ስኩል። ሆም፣ ሂር እና ዜር ላይ ግን ቱ አትገባም። «አይ ጎት ሆም» እንጂ «አይ ጎት ቱ ሆም» አይባልም። «ሪች» የምትለዋም መድረስ ናት፤ እሷ ጭራሽ ቱ አትፈልግም። ብዙዎቻችን «አይ ሪችድ ቱ» የምንለው «ወደ» ወይም «እ» የምትለዋን ከአማርኛው ይዘን ስለምንሄድ ነው። ቱ ማለት ካማራችሁ ጌትን ተጠቀሙ፣ ትክክል ይሆንላችኋል።

መሳፈርና መውረድም እዚህ ይግባ። አውቶቡስ፣ ባቡር፣ አውሮፕላንና መርከብ ላይ «ጌት ኦን»፣ ሲወረድ «ጌት ኦፍ»። የቤት መኪናና ታክሲ ላይ «ጌት ኢን»፣ ሲወረድ «ጌት አውት ኦፍ»። መለያው ውስጡ ቆማችሁ መራመድ ትችላላችሁ ወይ የሚለው ነው። መራመድ ከተቻለ ኦን፤ ጎንበስ ብላችሁ ገብታችሁ መቀመጥ ብቻ ከሆነ ኢን። ፈረስ፣ ብስክሌትና ሞተር ሳይክል ላይ ቁጭ ስለሚባልባቸው ኦን ናቸው።

ደረጃ 5፦ ተደራጊ ግስ ሲከተላት

«ጌት ሜሪድ»፣ «ጌት ሎስት»፣ «ጌት ሀርት»፣ «ጌት ፔይድ»፣ «ጌት ፋየርድ»፣ «ጌት ኮት»። እነዚህ አማርኛ ላይ በብዛት «ተ» ያለባቸው ናቸው፦ ተጋባ፣ ተጎዳ፣ ተከፈለው፣ ተባረረ፣ ተያዘ።

ታዲያ «ሂ ዋዝ ፋየርድ» እያለ «ሂ ጎት ፋየርድ» ለምን ይባላል? ሁለቱም ተባረረ ናቸው፤ ጌት ግን የወሬ ቃና አላት። ያልተጠበቀ፣ ብዙ ጊዜም ደስ የማይል ነገር ደረሰበት የሚል ስሜት ትጨምራለች። ለዚህ ነው ስርቆት፣ አደጋ፣ መባረር እና መያዝ ላይ የምትበዛው። በደንብ ታቅዶ ለተሠራ ነገር አትመችም፤ ድልድዩ በ1990 ተሠራ ለማለት «ዋዝ ቢልት» እንጂ «ጎት ቢልት» ብዙም አይባልም። ሌላ ጥቅምም አላት። «ዘ ዊንዶው ዋዝ ብሮክን» ካላችሁ መስኮቱ የተሰበረ ነበር ይሁን ተሰበረ ይሁን አይለይም፤ «ጎት ብሮክን» ካላችሁ ግን ተሰበረ ነው፣ አለቀ።

ጋብቻ ላይ አንድ ማስታወሻ። ከእገሌ ጋር ተጋባች የሚለውን «ጋር» ተከትለን «ሜሪድ ዊዝ» እንላለን። እንግሊዝኛው ቱ ነው የሚለው፤ «ሺ ጎት ሜሪድ ቱ ኤ ቲቸር»።

ደረጃ 6፦ ሌላ ሰው ሲያሠሩ

እኔን ከጠየቃችሁኝ ከሁሉም ይልቅ ጊዜ ሊሰጠው የሚገባው ይሄ ነው፤ አማርኛ በአንዲት «አስ» ወይም «አ» የሚጨርሰውን ሥራ እንግሊዝኛ በቃላት አሰላለፍ ነው የሚሠራው።

ስልኬን አሠራሁት። ጸጉሬን ተቆረጥኩ። ልብሴን አሳጠብኩ። በነዚህ ሁሉ ሥራውን የሠራው ሌላ ሰው ነው። በእንግሊዝኛ ግን «አይ ካት ማይ ሄር» ካላችሁ መቀሱን የያዛችሁት እናንተው ናችሁ። «አይ ፊክስድ ማይ ፎን» ካላችሁም ስልክ ጠጋኝ ሆናችኋል ማለት ነው። ትክክለኛው «አይ ጎት ማይ ሄር ካት» እና «አይ ጎት ማይ ፎን ፊክስድ» ነው። ቅደም ተከተሉን ልብ በሉ፦ ጌት፣ ከዚያ ዕቃው፣ ከዚያ የግሱ ሦስተኛ ቅርጽ። ዕቃው መሀል ነው የሚገባው። «አይ ጎት ካት ማይ ሄር» ብትሉ ቀመሩ ይፈርሳል።

ሠሪውን ሰው መጥቀስ ከፈለጋችሁ አሰላለፉ ይለወጣል። ጌት፣ ከዚያ ሰውየው፣ ከዚያ ቱ፣ ከዚያ ግሱ እንዳለ። «አይ ጎት ሂም ቱ ፊክስ ማይ ፎን»። ቱ የግድ ናት። ግራ የሚያጋባው «ሜክ» እና «ሃቭ» ተመሳሳይ ሥራ እየሠሩ ቱን አለመፈለጋቸው ነው፤ «አይ ሜድ ሂም ጎ»፣ «አይ ሃድ ሂም ጎ»፣ ግን «አይ ጎት ሂም ቱ ጎ»።

ሦስቱም በአማርኛ እንዲሄድ አደረግኩት ናቸው፤ በእንግሊዝኛ ግን ሦስት የተለያዩ ሰዎች ናቸው። ሜክ ያለው አስገድዷል፤ ሰውየው አልፈለገም ነበር። ሃቭ ያለው አዟል፤ ማዘዝ ሥራው ነው፣ ወይም ከፍሏል። ጌት ያለው ለምኗል፣ አባብሏል፣ አግባብቷል፣ ምናልባት ትንሽ ተንኮልም ጨምሯል። ልጁን እንዲተኛ ያደረገች እናት ሜክ ካለች ተቆጥታ ነው፣ ጌት ካለች ተረት ነግራ ይሆናል። ስለ አለቃችሁ ስታወሩ ሜክ እና ጌትን ብታቀያይሩ ሰሚው ስለ ሰውየው የሚይዘው ግምት ይለወጣል።

ዕቃውን መሀል የሚያስገባው አሰላለፍ ሁለት ሌሎች ሥራዎችም አሉት። አንደኛው ሥራን ራስ መጨረስ ነው፤ «አይ ኒድ ቱ ጌት ዚስ ደን» ይሄን መጨረስ አለብኝ። ሁለተኛው ሳያስቡት የሚደርስ ነገር ነው፤ «ሂ ጎት ሂዝ ፊንገር ኮት ኢን ዘ ዶር» ጣቱን በር ቆነጠጠው። ማንም ጣቱን በበር ለማስቆንጠጥ ሰው አይቀጥርም፤ ስለዚህ ዐውዱ ራሱ ይፈታዋል።

ደረጃ 7፦ ቱ እና ግስ በቀጥታ ሲከተሏት

«አይ ጎት ቱ ሚት ኸር» እና «አይቭ ጎት ቱ ሚት ኸር»። በመሀላቸው ያለችው ልዩነት አንዲት «ቭ» ብቻ ናት። የመጀመሪያው እሷን የማግኘት ዕድል ገጠመኝ ነው፤ ደስታ አለበት። ሁለተኛው ላገኛት ይገባል፣ ግዴታ አለብኝ ነው። ችግሩ ሰዎች ሲያወሩ ቭዋን ይውጧታል፤ ያኔ ሁለቱ ይመሳሰላሉ። የሚለያቸው ጊዜው ነው። ወሬው ስላለፈ ነገር ከሆነ ዕድል ነው፤ ስለ አሁን ወይም ስለ ነገ ከሆነ ግዴታ ነው። «ሶሪ፣ አይ ጎት ቱ ጎ» ያለ ሰው ዕድል አልገጠመውም፣ መሄድ አለበት።

«ዩ ጌት ቱ ቹዝ» መምረጥ ትችላለህ፣ ተፈቅዶልሃል። «ጌት ቱ ኖው» ደግሞ ከጊዜ ጋር ማወቅ፣ መቀራረብ ነው። «ኖው» ብቻዋን ማወቅ ስትሆን ጌት ቱ ኖው ወደ ማወቅ የሚወስደው መንገድ ናት። ቱ ቀርታ ግሱ ኢንግ ይዞ ከመጣ መጀመር ይሆናል፤ «ሌትስ ጌት ጎይንግ» በሉ እንሂድ፣ እንንቀሳቀስ።

ደረጃ 8፦ ትንንሾቹን ቃላት እንደ አዲስ ቃል ያዙ

እዚህ ቀመር ብዙም አይሠራም። ጌት ከትንሿ ቃል ጋር ተጣብቃ አዲስ ግስ ትሆናለች። ሁሉንም አልደረድርም፤ ቶሎ ቶሎ የሚያጋጥሟችሁን ብቻ።

«ጌት አፕ» ከአልጋ መነሳት ነው፤ መንቃት «ዌክ አፕ» ነው። ነቅቶ አንድ ሰዓት አልጋ ላይ የሚገላበጥ ሰው ዌክ አፕ አድርጓል፣ ጌት አፕ ግን አላደረገም። «ጌት ባክ» መመለስ ነው፤ «አይል ጌት ባክ ቱ ዩ» ካሏችሁ ግን ቆይቼ መልስ እሰጥሃለሁ ነው። «ጌት ኦቨር» ከሕመም፣ ከሐዘን ወይም ከፍቅር ማገገም። «ጌት አሎንግ» መስማማት፣ መግባባት። «ጌት ባይ» እንደምንም መኖር፣ ባለው መብቃቃት። «ጌት ስሩ» አስቸጋሪ ነገርን ማለፍ፣ ወይም ስልክ ደውሎ መስመር ማግኘት። «ጌት ሪድ ኦፍ» መገላገል፣ ማስወገድ። «ጌት አዌይ» ማምለጥ፤ «ዊዝ» ከተጨመረች ጥፋት አጥፍቶ ሳይቀጡ መቅረት። «ጌት አራውንድ ቱ» ደግሞ ስንፍና ለሚያጠቃን ሰዎች የተሠራች ትመስላለች፤ ለማድረግ የታሰበን ነገር በስንት ጊዜው ጊዜ አግኝቶ ማድረግ።

«ጌት አውት ኦፍ ሂር!» ትርጉሟ ቃል በቃል ከዚህ ውጣ ነው። ጓደኛችሁ ለምትነግሩት ነገር እየሳቀ ከመለሳት ግን አትቀየሙ፤ አትለኝም! ማለቱ ነው።

ደረጃ 9፦ ጆሯችሁን አለማምዱ

ጽሑፍ ላይ ጌትን የሚያውቃት ሰው ወሬ ላይ የሚያጣት ድምጿ ስለሚለወጥ ነው። አሜሪካኖች ከኋላዋ አናባቢ ከመጣ ት የምትለዋን ወደ ድ ያስጠጓታል። ጌት ኢት «ጌዲት»፣ ጌት አፕ «ጌዳፕ»፣ ጎት ቱ ደግሞ «ጎዳ» ይሆናል። ብዙ እንግሊዞች ት የምትለዋን ጉሮሯቸው ውስጥ ያስቀሯታል። አጭር ቪዲዮ ይዛችሁ ጌት የሰማችሁበት ቦታ ላይ አቁሙት፣ ከሷ ቀጥሎ የመጣውን ጻፉ፣ የትኛው ደረጃ ውስጥ እንደሚገባ ወስኑ፣ ከዚያ ቀጥሉ። ከመሸምደድ ይህ ይሻላል።

ደረጃ 10፦ የት እንደማትገባ እወቁ

የምርምር ጽሑፍ፣ የሥራ ማመልከቻ ወይም መደበኛ ደብዳቤ ላይ ጌት ብትበዛ ጽሑፉ የቡና ላይ ወሬ ይመስላል። መቀበል ከሆነ «ሪሲቭ»፣ ጥረት ያለበት ማግኘት ከሆነ «ኦብቴይን»፣ መሆን ከሆነ «ቢካም»፣ መድረስ ከሆነ «አራይቭ»፣ ማሳመን ከሆነ «ፐርስዌድ» ተኳት። ግን ይህን ወደ ወሬ አታምጡት። ጓደኛችሁን «አይ ኦብቴይንድ ኤ ቲኬት» ብትሉት ትኬቱን በፍርድ ቤት ያስወሰናችሁ ይመስለዋል።

አሁን ሞክሩት። መልሱን ከማየታችሁ በፊት የእያንዳንዷን ጌት ቀኝ እዩ።

«አይ ጎት አፕ ሌት፣ ጎት ኦን ዘ ሮንግ ባስ ኤንድ ጎት ሎስት።» የመጀመሪያዋ ትንሽ ቃል ይዛለች፣ ሁለተኛዋም እንደዚያው፣ ሦስተኛዋ ተደራጊ ግስ። አርፍጄ ተነሳሁ፣ የተሳሳተ አውቶቡስ ተሳፈርኩና መንገድ ጠፋኝ።

«አይ ዶንት ጌት ዋይ ሂ ጌትስ ቱ ጎ ኤንድ አይ ዶንት።» የመጀመሪያዋ መረዳት ናት፣ ሁለተኛዋ ቱ እና ግስ ተከትሏታል። እሱ እንዲሄድ ተፈቅዶለት እኔ የምከለከልበት ምክንያት አይገባኝም።

የመጨረሻዋ ከበድ ትላለች። «ሺ ጎት ሂም ቱ ጌት ሂዝ ሄር ካት ቢፎር ዜይ ጎት ሜሪድ።» ሦስት ጌት አለባት። የመጀመሪያዋ ሰው፣ ቱ እና ግስ አስከትላለች፤ ማግባባት ናት። መሀለኛዋ ዕቃና ሦስተኛ ቅርጽ አስከትላለች፤ ሌላ ሰው ማሠራት ናት። ሦስተኛዋ ተደራጊ ግስ። ከመጋባታቸው በፊት ጸጉሩን እንዲቆረጥ አግባባችው።